ለጎማ ሲል ዋንጫ የተወው አሽከርካሪ

ባሕር ዳር፦ የመኪና ጉልበት ከሞተሩ ይወለዳል፤ መሬት የሚነካው ግን ጎማው ብቻ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢያስተማምን፣ ያ ሁሉ ኃይል ወደ መንገዱ የሚደርሰው እያንዳንዳቸው መዳፍ በሚያክሉ አራት የጎማ ገጾች አማካኝነት ነው። ጎማው ካልቻለ ሞተሩ ያመነጨው ጉልበት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ይህን እውነት ከ120 ዓመታት በፊት በዋንጫ ዋጋ የተማረ አንድ ሰው ነበር። ሰልዊን ፍራንሲስ ኤጅ ይባላል። በወጣትነቱ ብስክሌት ጋላቢ፣ ቀጥሎ የጎማ ነጋዴ፣ ከዚያም የእንግሊዝን ስም በመኪና ሽቅድድም ያስጠራ ባለድል፣ በጎልማሳነቱም ገበሬ ሆኖ ኖሯል። የዚህን ሰው የሕይወት ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስተሳስረው አንድ ጥቁር ቀለበት ነው፤ ጎማ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ኤጅ መጋቢት 29 ቀን 1868 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ አቅራቢያ በምትገኘው ኮንኮርድ ተወለደ። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ እንግሊዝ ይዘውት ሄዱ፤ ያደገውም በለንደን ነው። ያደገበት ዘመን ብስክሌት የወጣቱን ልብ የሰረቀበት ነበር። የዚያን ጊዜ ብስክሌት ግን ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ምቾት አልነበረውም። መንኮራኩሩ የሚለብሰው ድፍን ጎማ በመሆኑ የመንገዱ ጠጠር ሁሉ በቀጥታ ወደ ጋላቢው ወገብ ይደርስ ነበር።

ይህን የለወጠው ከእንስሳት ሕክምና የተነሳ ሰው ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ይባላል፤ በስኮትላንድ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ በአየርላንድ ቤልፋስት ከተማ ከብትና ፈረስ እያከመ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ነበር። ደንሎፕ የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በሻካራው መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ብሎ፣ አየር የተሞላ የጎማ ቱቦ በመንኮራኩሩ ዙሪያ ጠቀለለ። ሥራውንም በ1888 በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1845 ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ተመሳሳይ ሐሳብ አስመዝግቦ ስለነበር የደንሎፕ መብት ኋላ ላይ ውድቅ ሆኗል። ይሁን እንጂ አየር የተሞላውን ጎማ ከወረቀት አውጥቶ ለመንገድ ያበቃው የደንሎፕ ሥራ ነው። የደብሊኑ ነጋዴ ሃርቪ ዱ ክሮስም ፈጠራውን ይዞ ኩባንያ አቋቋመ።

ወጣቱ ኤጅ ከዚህ አዲስ ነገር ጋር የተገናኘው በብስክሌት በኩል ነው። በ1891 ከቦርዶ ተነሥቶ ፓሪስ ላይ የሚያበቃው፣ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የብስክሌት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ እንግሊዛውያን ቀዳሚዎቹን ደረጃዎች ጠራርገው ወሰዱ፤ ኤጅም ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ከዚያ በኋላ በዱ ክሮስ የጎማ ኩባንያ ተቀጥሮ የለንደኑን ሥራ ለመምራት በቃ። በዚያ ሥራ ላይ ሳለም ጎማን ከሁለት ወገን የማየት ዕድል አገኘ። በአንድ ወገን ሻጭ ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ በዚያው ጎማ ላይ ነፍሱን አሳርፎ የሚሮጥ ተወዳዳሪ ነው። ሻጩ የሚያወድሰውን ዕቃ ተወዳዳሪው በመንገድ ላይ ይፈትነዋል።

መኪና ወደ እንግሊዝ መግባት ሲጀምር ኤጅ ከብስክሌት ወደ መኪና ተሻገረ። ፓናር የተባለ የፈረንሳይ መኪና ገዝቶ እንዲያሻሽልለት ሞንታጉ ናፒየር ወደተባለ የብስክሌት ወዳጁ ወሰደው። ናፒየር ከአባቱ በወረሰው የማሽን መሥሪያ ቤት ውስጥ መኪናውን ፈታትቶ፣ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ያለውን መሪ በክብ መሪ ለወጠው። በሞተሩም ስላልረካ የራሱን ሞተር ሠራ። ከዚህ ሥራ የናፒየር መኪና ተወለደች። ኤጅም ከዱ ክሮስ ባገኘው የገንዘብ ድጋፍ ናፒየርን የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። ኤጅ ማስታወቂያን ከማንም በፊት የተረዳ ነጋዴ ነበር፤ መኪና የሚሸጠው በወሬ ሳይሆን ሕዝብ እያየው ሲያሸንፍ መሆኑን ያውቃል። በ1900 የጸደይ ወራት ከለንደን እስከ ኤድንብራ ደርሶ በሚመለሰው፣ 1 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው የፍተሻ ጉዞ ላይ ናፒየርን እየነዳ የቀረበውም ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ባለቤት ጄምስ ጎርደን ቤኔት ሀገራት የሚወዳደሩበት ዋንጫ አዘጋጀ። ውድድሩ በግለሰቦች ሳይሆን በሀገራት መካከል ነው፤ አንድ ሀገር ከሦስት የማይበልጡ መኪኖችን ታሰልፋለች። ደንቡ ጥብቅ ነበር። የመኪናው ማናቸውም ክፍል፣ ከሞተሩ እስከ ጎማው፣ በተወዳዳሪዋ ሀገር ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። የዋንጫው ክብር የሹፌሩ ብቻ ሳይሆን የሀገሪቱ የእጅ ሥራ ክብር ነው ማለት ነው።

ለ1901ዱ ውድድር ኤጅና ናፒየር የሠሩት መኪና ግዙፍ ነበር። ሞተሩ ከ16 ሊትር በላይ ይዘት ያለው ሲሆን 50 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ይነገርለት ነበር። የዛሬዋ አነስተኛ የቤት መኪና ሞተር ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙም እንደማይበልጥ ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ኃይለኛ፣ አካሉም ከባድ ነበር። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ከክብደቱና ከጉልበቱ ነው። በእንግሊዝ የሚሠሩት ጎማዎች ያንን ሸክም በዚያ ፍጥነት መሸከም ተሳናቸው።

ኤጅ በዚህ ጊዜ ከባድ ምርጫ ገጠመው። የሀገሩን ጎማ እንዳጠለቀ ቢሰለፍ ደንቡን ያከብራል፤ ለዋንጫውም ይወዳደራል። ነገር ግን ጎማው በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ቢፈነዳ እርሱ፣ ከጎኑ የሚቀመጠው መካኒክና በመንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ለሞት ይጋለጣሉ። ጠንካራውን የፈረንሳይ ጎማ ቢገጥም ደግሞ መኪናው እንግሊዛዊነቱን ያጣል፤ ከዋንጫው ውድድርም ይሰረዛል። ሰውየው ራሱ የእንግሊዝ ጎማ ሲሸጥ የኖረ፣ የድርጅቱም ገንዘብ ከጎማ ነጋዴ የመጣ መሆኑ ሲታሰብ ውሳኔው ምን ያህል መራራ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ኤጅ የውጭውን ጎማ ገጠመ። በዚህም ለጎርደን ቤኔት ዋንጫ የመወዳደር መብቱን አጣ። በዚያው ዕለት በተካሄደው የፓሪስ ቦርዶ ሩጫ ብቻ ተሰልፎ እርሱንም ሳይፈጽም ቀረ። በውጤት መዝገብ ላይ ሲታይ ዓመቱ የሽንፈት ዓመት ነበር። ትምህርቱ ግን ቀርቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ መጀመሪያ መኪናውን ሠርቶ በመጨረሻ ጎማ መፈለግ ለየት ያለ ዋጋ እንደሚያስከፍል ታየ።

በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ የመኪናዎችን ክብደት በ1 ሺህ ኪሎ ግራም ወሰነ። ኤጅና ናፒየርም ይዘው የቀረቡት ከቀድሞው እጅግ ያነሰ፣ ስድስት ሊትር ተኩል ገደማ ሞተር ያለው ቀለል ያለ መኪና ነበር። ክብደቱ ሲቀንስ የእያንዳንዱ ጎማ ሸክምም አብሮ ቀነሰ። ባለፈው ዓመት ያቃታቸው የእንግሊዝ ጎማዎች በዚህኛው መኪና ላይ ለውድድር በቁ። መኪናው ለጎማው አቅም ሲመጠን ሀገር በቀሉ ጎማ በቂ ሆነ።

የ1902ቱ የዋንጫ ውድድር ከፓሪስ ወደ ቪየና በሚደረገው ታላቅ ሩጫ ውስጥ ተካትቶ፣ በሰኔ ወር መጨረሻ ተካሄደ። የዋንጫው ፍጻሜ የኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ነበረች። ስዊዘርላንድ በምድሯ ሽቅድድም ስላልፈቀደች ተወዳዳሪዎቹ ያንን ክፍል ያለ ውድድር አለፉት። ከዚያም የአርልበርግን ተራራ መውጣት ነበረባቸው። መንገዱ ጠባብና ጠጠራማ ነበር፤ በአንድ ወገን ገደል አለ፤ የዚያ ዘመን ፍሬንም ደካማ ነበር። የፈረንሳይ ሦስት ኃያላን መኪኖች አንድ በአንድ ከውድድሩ ወጡ። ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን ቆሙ። ሲመራ የነበረው ሬኔ ደ ክኒፍም ከተራራው በኋላ መኪናው ተሰብሮበት ቀረ። ከዋንጫው ተፎካካሪዎች መካከል ኢንስብሩክ የደረሰው ኤጅ ብቻ ነበር። በፍጥነት ከሁሉም የላቀ አልነበረም፤ በአጠቃላዩ የቪየና ሩጫ አሸናፊው ማርሴል ሬኖ ሲሆን ኤጅ ከአሥሩ ቀዳሚዎች ውስጥ አልገባም። ነገር ግን ዋንጫው የቆመው ሳይሆን የደረሰው ነው። እንግሊዝም በዓለም አቀፍ የመኪና ሽቅድድም የመጀመሪያውን ታላቅ ድል አገኘች።

በዚያ ዘመን በሽቅድድም መካከል ጎማ መለወጥ ምን ማለት እንደነበር ማወቅ የድሉን ክብደት ያሳያል። ጎማው ከእነ ቸርኬው በቡሎን ተፈትቶ የሚወርድ አልነበረም፤ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የተጣበቀ ነው። ጎማ ሲፈነዳ ሹፌሩና መካኒኩ ዘለው ይወርዳሉ፤ መኪናውን በክሪክ ያነሣሉ፤ የተቀደደውን ጎማ አንዳንዴም በቢላዋ እየቆረጡ ያወጣሉ፤ አዲሱን የውስጥና የውጭ ጎማ በጉልበት ይሰኩና በእጅ ይነፋሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአቧራና በፀሐይ ውስጥ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። የተመረጠው ጎማ ጥንካሬ ከሞተሩ ፍጥነት እኩል የውድድሩን ውጤት ይወስን ነበር።

አደጋውም የእውነት ነበር። የቪየናውን ሩጫ ያሸነፈው ማርሴል ሬኖ በማግሥቱ ዓመት ከፓሪስ ወደ ማድሪድ በተደረገው ሩጫ ሕይወቱን አጣ። ያ ሩጫ በተወዳዳሪዎችና በተመልካቾች ላይ ብዙ ሞት ስላስከተለ ቦርዶ ላይ እንዲቋረጥ ተደረገ። ከተማን ከከተማ የሚያገናኙ ክፍት መንገዶች ላይ የሚካሄደው ሽቅድድም ዘመንም በዚሁ አከተመ። በ1903 የዋንጫውን ውድድር የማስተናገድ ተራ የአሸናፊዋ የእንግሊዝ ነበር፤ የሀገሪቱ የመንገድ ሕግ ሽቅድድምን ስለማይፈቅድ ውድድሩ በልዩ አዋጅ በአየርላንድ በተከለሉ መንገዶች ተካሄደ። ኤጅ ድሉን መድገም አልቻለም። የእንግሊዝ የሽቅድድም መኪኖች መለያ የሆነው አረንጓዴ ቀለም ግን ከዚያ ዘመን የተያያዘ ነው።

በ1907 በሰሬ አውራጃ ብሩክላንድስ የተባለ የኮንክሪት መሮጫ ተሠራ። ለመኪና ሽቅድድም ተብሎ የተገነባ ስፍራ ሲሆን ጠርዞቹ እንደ ሳህን ወደ ላይ የተነሡ ናቸው። መሮጫው በተከፈተ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኤጅ ለማመን የሚያስቸግር ሙከራ አደረገ። በስድስት ሲሊንደር ናፒየር፣ መሪውን ለማንም ሳይለቅ፣ ለ24 ሰዓት ብቻውን ነዳ። ሌሎች ሁለት ናፒየሮችም አብረውት ሮጡ፤ የእነርሱ ሹፌሮች ግን ይቀያየሩ ነበር። ሌሊቱን የመሮጫው ዳር በፋኖስ ተደርድሮ ተብርቷል። ኤጅ 2 ሺህ 545 ኪሎ ሜትር ያህል ሸፈነ፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 106 ኪሎ ሜትር ነበር። ሻካራ ኮንክሪት ጎማን እንደ ሞረድ የሚበላ ነውና፣ በዚያ ሙከራ የተፈተነው የሰውየው ጽናትና የሞተሩ ጥራት ብቻ አልነበረም። ለነዳጅና ለጎማ የሚቆሙባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከውጤቱ ላይ ትቀነስ ነበርና ጎማን ፈጥኖ የመለወጥ ብልሃት ከዚያ በኋላ የኤጅ ዋነኛ ጉዳይ ሆነ።

ለዚህም በ1908 ሌላ ክርክር ውስጥ ገባ። ራጅ ዊትዎርዝ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ጎማው ከነቸርኬው ባንድ ጊዜ ተፈትቶ የሚወርድበትን፣ በስፍራውም ተዘጋጅቶ የተነፋ ሌላ ጎማ የሚገባበትን መንኮራኩር ሠርቶ ነበር። ኤጅ ይህን ለፈረንሳይ ታላቁ ሽቅድድም ሊያቀርብ ተሰናዳ። አዘጋጆቹ ለሌሎች ተወዳዳሪዎች ፍትሐዊ አይደለም ብለው ከለከሉት፤ ናፒየሮቹም ሳይወዳደሩ ቀሩ። ኤጅ በጎማ ምክንያት ከውድድር ሲወጣ ይህ ሁለተኛው ነበር። ጊዜ ግን ፈረደለት። ዛሬ በብዙ መኪኖች ላይ የሚጫነው፣ ቡሎኑ ተፈትቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገጠመው ስኮርታ ጎማ የዚያው አስተሳሰብ ውጤት ነው።

በ1912 ኤጅ ከናፒየር ጋር ተለያየ። የሽያጭ ድርጅቱን ለናፒየር ሸጦ ለሰባት ዓመታት ወደ መኪና ሥራ ላለመመለስ ተስማማ። ከዚያም ብዙዎች ያልጠበቁትን አደረገ፤ ወደ ግብርና ገባ። በሰሴክስ አውራጃ በዲችሊንግ አካባቢ ሰፊ መሬት ይዞ፣ በእኛ ሀገር እምብዛም በማይረባው በአሳማ ርባታ ላይ ተሰማራ፤ በዚያም ስኬታማ ሆነ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ወደ እንግሊዝ እህል የሚጭኑ መርከቦችን ማስመጥ ያዙ። ሀገሪቱ የራሷን መሬት አርሳ መብላት ግድ ሆነባት፤ ፈረሶቹና አራሾቹ ግን ወደ ጦር ሜዳ ሄደዋል። መንግሥት ትራክተሮችን ከአሜሪካ ጭምር እያዘዘ ሲያስገባ፣ በ1917 በጦር መሣሪያ ሚኒስቴር ሥር የግብርና ማሽኖችን ክፍል እንዲመራ የተሾመው ኤጅ ነበር። ማሽንንም መሬትንም የሚያውቅ ሰው በመሆኑ ለቦታው የተገባ ነበር።

የእነዚያ ትራክተሮች መንኮራኩር የብረት ነበር። ጥርስ ያለው ብረት እርሻ ላይ መሬቱን ቢጨብጥም በመንገድ ላይ ይንገጫገጫል፤ መንገዱንም ያበላሻል። አየር የተሞላ ጎማ ወደ ትራክተር በሰፊው የገባው ቆየት ብሎ፣ በ1932 አሊስ ቻልመርስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከፋየርስቶን ጋር ሆኖ ካቀረበው በኋላ ነው። ገበሬው ብረቱን ትቶ በጎማ ማረስን ሲጠራጠር፣ ድርጅቱ እውቅ የመኪና ተሽቀዳዳሚዎችን እየቀጠረ በትራክተር ላይ አስጋለበ። ለገበሬ ልጅ የደንሎፕ ሐሳብ በዚህ መንገድ ወደ ማሳ ተመለሰ።

የሰባቱ ዓመት ውል ሲያበቃ ኤጅ ወደ መኪና ዓለም ተመለሰ። ኤሲ የተባለውን የመኪና ፋብሪካ አመራር ያዘ። በ1922 ደግሞ በ54 ዓመቱ እንደገና ብሩክላንድስ ላይ ቀረበ። የአካባቢው ነዋሪዎች በሌሊት ጩኸት በመማረራቸው የሌሊት ሩጫ ተከልክሎ ስለነበር፣ ስፓይከር በተባለ የኔዘርላንድስ መኪና በሁለት ቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ነድቶ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት አስመዘገበ። በዚህም ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ራሱ ካስመዘገበው በለጠ። በንግዱ ግን እንዲያ አልቀናውም። በ1927 ኤሲን ጠቅልሎ ቢገዛም ፋብሪካው በ1929 ከሰረ፤ ሀብቱም አብሮ ሄደ። ኤጅ የሽቅድድም ትዝታዎቹን በመጽሐፍ አሳትሞ፣ የካቲት 12 ቀን 1940 በኢስትቦርን ከተማ አረፈ።

ከኤጅ ሕይወት ለዛሬ ባለመኪና የሚተርፈው ትምህርት የ1901ዱ ምርጫ ነው። ፈጣን መኪና ያለው ሰው ያረጀ ጎማውን ሲለውጥ ዋጋውን ወይም የጎማውን መልክ ብቻ አይቶ ቢወስን፣ ኤጅ ሊገባበት ያልፈለገው አደጋ ውስጥ ይገባል። የዛሬው ባለመኪና ግን ኤጅ ያልነበረው ዕድል አለው፤ የጎማው አቅም በጎማው ጎን ላይ ተጽፎለታል። ለምሳሌ 225/45 አር 17 94 ደብሊው የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ ነው፤ አር የጎማውን አሠራር ይገልጻል፤ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 94 አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ይናገራል። የመጨረሻው ፊደል ፍጥነቱን ያመለክታል፤ ቲ እስከ 190፣ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240፣ ደብሊው እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። አዲሱ ጎማ በሸክምም ሆነ በፍጥነት የመኪናው አምራች ካዘዘው ማነስ የለበትም።

ዕድሜውም እንደዚሁ ተጽፏል። በጎኑ ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙት አራት አኀዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ያልተነዳበት ጎማም በመጋዘን ውስጥ ያረጃል፤ ስለዚህ አዲስ ነው ተብሎ የቀረበን ጎማ ሁሉ ቀኑን አንብቦ መግዛት ይገባል። ጥርሱ ከ1 ነጥብ 6 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ በብዙ የአውሮፓ ሀገራት መንዳት ያስቀጣል፤ በዝናብ ጊዜ ውኃውን ከሥሩ ማስወጣት አይችልምና። በአንድ አክሰል ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ መግጠም መኪናው ወደ አንድ ወገን እንዲስብ ያደርጋል። ሁለት ብቻ የሚለወጡ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ቢገቡ ይመረጣል፤ የኋላው ጎማ ቀድሞ ከተንሸራተተ መኪናው ይሽከረከራል፤ ለሹፌሩም መመለሻው ይቸግረዋል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ በለሰለሰ አስፋልት ላይ መሪን ቢያፈጥንም ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ጎማውንም ቸርኬውንም ለጉዳት ያጋልጣል። መንገዱ ጠጠርና ጉድጓድ ለሆነበት ሰው መልክ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ተመሥርቶ መምረጥ ይሻላል። ነፋሱም ጎማው ሳይሞቅ፣ በአምራቹ መጠን ሊለካ ይገባል።

ኤጅ በ1901 ያጣው ዋንጫ በማግሥቱ ዓመት እጁ ገብቷል። ጎማው በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ግን ማግሥት ባልኖረው ነበር። በማንኛውም ጎሚስታ ደጃፍ ቆሞ በርካሹና በሚመጥነው ጎማ መካከል የሚያመነታ ሰው፣ የሚያነጻጽረው ሁለት ዋጋዎችን ብቻ አይደለም፤ የራሱንና የመንገደኛውን ማግሥት ጭምር ነው።